ማርሌኒ የኖረችው እዚህ ነው

ሊማ፣ ካንቶ ግራንዴ
እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ውድ እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የዶና ኤዲታ ልጅ ናት፤ ማክሰኞ ወደ ሚላኖ ትበራለች። በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ወሬ እቀይራለሁ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ።

ደህና ነን ብል ውሸት ይሆንብኛል። እንበላለን፣ እንተኛለን፣ እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አክስቴ ኤርሜሊንዳ ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ጎህ ሳይቀድ ጋሪዋን እየገፋች ወደ ፌርማታው ትወርድና የኪኑዋ እህል አጥሚቷንና ዳቦዋን ትሸጣለች። ስትመለስ መጀመሪያ የምትሠራው የማርሌኒን አልጋ ማንጠፍ ነው። ማንም ያልተኛበትን አልጋ ገፍፋ እንደገና ታነጥፈዋለች።

የምጽፍልሽም በእሷ ምክንያት ነው። ባለፈው እሑድ ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር የተናገርሻትን ሰምቻለሁ። "እህቴ ነሽ ብዬ ልጄን አደራ ሰጠሁሽ፤ እሷ ወገን እንደሌለው ሰው የሬሳ ፍሪጅ ውስጥ ስትተኛ አንቺ አጥሚት ትሸጫለሽ" አልሻት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድንች መላጥ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር "የለችም በላት" ትለኛለች፤ አጠገቤ ቆማ።

እማዬ፣ አክስቴ ፈልጋታለች። ሁላችንም ፈልገናታል። ነገር ግን የፈለግናት እሷ በሌለችበት ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

ማርሌኒ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየሕግ ቢሮው የተለማማጅነት ማመልከቻ ስታስገባ እንደከረመች ታውቂያለሽ። "ከትልልቆቹ ቢሮዎች በአንዱ ተለማምዶ ያልወጣ ተማሪ ዲግሪውን ታቅፎ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ማመልከቻ ሲጽፍ ያረጃል" ትለኝ ነበር። ለሲቪዋ ፎቶ ስትነሳ ከኋላዋ ነጩን አንሶላ ወጥሬ የቆምኩት እኔ ነኝ።

"አትሳቅ! አንሶላው እየተንቀጠቀጠ ነው" አለችኝ።

"ጠበቃ ሁሉ ዶክተር ይባል የለ? እንግዲህ ዶክተሪታ፣ ትንሽ ፈገግ በይ እንጂ! እስር ቤት ስትገቢ የተነሳሽው አስመሰልሽው" ስላት ጫማዋን ወረወረችብኝ። ሲቪው ላይ ያለው ፎቶ ጫማውን ከመወርወሯ በፊት አክስቴ ያነሳቻት ነው። ልብ ብለሽ ካየሽው ልትስቅ ስትል ነው።

ውጤቷ ከክፍሉ ከፊተኞቹ አንዱ ነበር። የሚጠሩት ግን ከእሷ በታች ያሉት ነበሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠሯት። ያነጋገረቻት ጠበቃ ወረቀቱን አገላብጣ፣ "ካንቶ ግራንዴ? ከዚያ ሁሉ ርቀት ጠዋት እንዴት ትደርሻለሽ? ደግሞስ ማታ አይዘርፉሽም?" አለቻት።

"ዶክተር፣ እኔ የሰፈሩ ልጅ ነኝ፤ የሚዘርፉት እንግዳ ነው" ብላ መለሰች።

ጠበቃዋ ሳቀች፣ ማርሌኒም ሳቀች፣ ከዚያ የደወለላት የለም። "ምላሴን በቆረጠው! ምን አስቀለደኝ?" እያለች ሰነበተች። እኔ ግን ቀልዱ አይመስለኝም የጎዳት።

አንቺ የደወልሽው ያን ሰሞን ነው፤ የነፃነት በዓል ዕለት። "የክርስትና እናትሽን የሴኞራ ሶራይዳን አድራሻ ጻፊ። ሄሱስ ማሪያ ነው የምኖረው በይ። መታወቂያሽንም ቀይሪው፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው" አልሻት። ልክ ነሽ፣ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ሴኞራ ሶራይዳም "ቤቴ ቤቷ ነው" ብለው ፈቀዱ።

ደግሞም ሠራ፣ እማዬ። አድራሻው ከተቀየረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሳን ኢሲድሮ ካሉት ትልልቅ ቢሮዎች አንዱ ጠራት። ያነጋገሯት ጠበቃ "ኦ፣ ሄሱስ ማሪያ! ጎረቤታችን ነሽ እኮ!" አሏት። ወደዷት። ለመጨረሻው ቃለ መጠይቅ የቢሮው ባለቤቶች ፍርድ ቤት ከመግባታቸው በፊት በጠዋት ሊያዩዋት ቀጠሯት። "ቅርብ ስለሆንሽ ማለዳው አይከብድሽም" አሏት። "በፍጹም፣ ዶክተር" አለች። ደረጃችንን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጥታ ስትነግረን ትንፋሿ ተቆርጦ ነበር። "ከዚህ ለመድረስ በስንት ሰዓት ልትነሺ ነው?" አልኳት። "አልተኛም!" አለችና እየሳቀች ሸሚዟን ልትተኩስ ገባች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከአክስቴ ጋር አብረው ወረዱ። ሸሚዟ ላይ እንዳይንጠባጠብ አክስቴ የራሷን ሽርጥ አስራላት፣ አጥሚቷን ቆማ ጠጣች። የባቡሩ ወረፋ ጥግ ዞሮ ስለነበር ሚኒባስ ያዘች። ወያላው ያውቃታል፤ "ዶክተሪታ፣ ግቢ ግቢ! ዳኛው ሳይሄድብሽ!" ብሎ ነው ያስገባት። ሽርጡን ፈታ በመስኮት ወረወረችላት። አክስቴ አሁንም የምታስረው ያንኑ ሽርጥ ነው።

ሚኒባሱ ተሳፋሪ ለመሻማት ከሌላ ሚኒባስ ጋር ሲሽቀዳደም ቀለበት መንገዱ ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሐኪሙ ወዲያው ነው ብሏል፤ አምኜዋለሁ፤ አንቺም እመኚው።

ሲመሽ ሳትመጣ ቀረች። ስልኳ አይሠራም፤ ለካ አደጋው ቦታ ላይ የሆነ ሰው ወስዶታል። ሰፈራችን ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሮጥን።

"ዕድሜዋ ስንት ነው?" አለ ተረኛው።

"ሃያ ሁለት።"

"እንግዲያማ ከፍቅረኛዋ ጋር ናት። ሲሰለቻት ትመጣለች።"

"ፍቅረኛ የላትም" አልኩት።

"ለአንተ ነው የምትነግርህ?" አለና ከጓደኛው ጋር ተሳሳቁ። አክስቴ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው፤ እንደምታውቂያት አልነበረችም ያን ዕለት። ገፍተው አስወጡን። ከዚያ ፎቶዋን ይዘን በእኛ በኩል ያሉትን ሆስፒታሎች ሁሉ ዞርን። አክስቴ ጋሪዋን አልነካችም። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባላት ሲል በነጠላ ጫማ ዞረች። "አጥሚት ትሸጫለሽ" ስትያት እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝና ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ማርሌኒን የወሰዷት ግን ወደ ከተማው ማዶ ነበር። መታወቂያዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ አድራሻው ሄሱስ ማሪያ ይላል። ፖሊሶቹም ወደዚያው ሄዱ። ሴኞራ ሶራይዳ ደግሞ እህታቸው ታመውባቸው ታርማ ከተማ ነበሩ። የሕንፃው ጥበቃ "በዚህ ስም የምትጠራ ልጅ እዚህ አትኖርም፤ አይቻትም አላውቅ" አላቸው። ሰውየው አልዋሸም። ፖሊሶቹም "በአድራሻዋ አትታወቅም" ብለው ጽፈው ተመለሱ። እኛ እዚህ የምንፈልጋት ሌላ ልጅ፣ እዚያ የተኛችው ሌላ ልጅ ሆነች። ሴኞራ ሶራይዳ ከታርማ ሲመለሱ ጥበቃው እንደ ተራ ወሬ አነሳላቸው። ያመጡትን አይብ እንደያዙ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ አሉ። ከዚያ ለእኛ ደወሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መስመር በእስክሪብቶ ደፍኜዋለሁ። ወደ መብራት አስጠግተሽ ለማንበብ አትድከሚ፤ ስለ መደወልሽ የተሳሳተ ነገር ጽፌ ነው።

ትክክለኛው ይህ ነው። ማርሌኒ አድራሻዋን የቀየረችው አንቺ ከመደወልሽ በፊት ነው። ራሷ አስባ፣ ራሷ ሄዳ ቀየረችው። ስልኩን ስትዘጋ "እማዬ የእሷ ሐሳብ መስሏት ደስ ይበላት፣ አትንገራት" ብላኝ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ባትደውዪም ነገሩ ያው ነበር። አክስቴን ብትጠይቂያትም እንዲሁ ነው የምትልሽ፤ ተነጋግረንበታል።

ሌላም ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ። ከቀብሩ በኋላ ኢሜይሏን ስከፍት ከዚያ ቢሮ መልእክት አገኘሁ፤ "በቀጠሮዎ ባለመገኘትዎ ማመልከቻዎ ተዘግቷል" ይላል። ማርሌኒ በሕይወቷ ለቀጠሮ አርፍዳ አታውቅም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ሳትል "ዕቃ ልታደርስ ከሆነ በጓሮ በኩል ነው" አለችኝ። "ዕቃ አይደለም" አልኳት። በመጨረሻ ኤደር የሚባል ተለማማጅ ወረደ፤ ክራባት ያሰረ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት እስከ አገጩ የታቀፈ ልጅ።

"ዶክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ምን ልበልልህ?" አለኝ።

"እህቴ አላረፈደችም በልልኝ። ወደ እናንተ ስትመጣ ነው የሞተችው።"

ወረቀቶቹን መሬት ላይ አስቀመጣቸው። "የሄሱስ ማሪያዋ ልጅ?"

"የካንቶ ግራንዴዋ" አልኩት።

ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣና ዞር ዞር ብሎ አየ። "ስማ ወንድሜ፣ እኔም የዳር ሰፈር፣ የኮማስ ልጅ ነኝ" አለኝ በሹክሹክታ። "እዚህ የሚያውቁት ግን መሐል ከተማ፣ ሊንሴ እንደምኖር ነው። ቢሮው ቤት ቢደውል 'ሊንሴ ነው' እንድትል እናቴን እንኳ አስለምጃታለሁ።"

"መታወቂያህ ላይስ?"

"ሊንሴ።"

"ዛሬውኑ ቀይረው" አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ አቆመ። "ቋሚ ካደረጉኝ በኋላ" አለና ወረቀቶቹን ሊያነሳ ተመለሰ። በኋላ ግን መልእክቴን አድርሷል፤ መዝገባቸው ላይ "ያልቀረበች" የሚለው ተሰርዞ "በሞት ምክንያት" ተብሏል ብሎ ጻፈልኝ። ለአንቺ ምንም ላይመስልሽ ይችላል። እኔ ግን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን ጨረስኩ።

እንግዲህ እኔ የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለአክስቴ ደውዪላት። ይቅርታ በይኝ አትልሽም፤ ብቻ "ኤርሜ፣ እግርሽ እንዴት ነው?" በያት፤ ይበቃታል። ስልኩን እኔ እጇ ላይ አስቀምጥላታለሁ።

ሁለተኛው ስለ እኔ ነው። "የእህትህን ቦታ አንተ ያዝ፤ ጃንዋሪ ላይ አሥራ ስምንት ሲሞላህ መታወቂያህን በክርስትና እናቷ አድራሻ አውጣው" ብለሽኝ ነበር። ሕግ እማር ይሆናል፣ አላውቅም። የማርሌኒን መጻሕፍት ሳነብ ደስ ይለኛል፤ ዳር ዳሩ ላይ የእሷ ጽሑፍ አለ። ብማርም፣ ባመለክትም፣ አድራሻውን ግን አልቀይረውም፤ አትቆጪኝ። ሳይጠሩኝ ቢቀሩ ይቅሩ። አንድ ነገር ብሆን እንዲያንኳኩ የምፈልገው አክስቴ የምትከፍተውን በር ነው።

ከደብዳቤው ጋር ለማርሌኒ የላክሽላትን የጆሮ ጉትቻ ልኬልሻለሁ። ለአዲሱ መታወቂያ ፎቶ ስትነሳ አድርጋው ነበር። በበዓሉ ዕለት ስትደውዪ "ዛሬ ደረሰኝ" ብላ ያመሰገነችሽ ያው ነው። አንቺ ጋ ይሁን።

ከአባባ ጎን ነው ያሳረፍናት፤ በስልክ ያየሽው ግልጽ አልነበረም እንጂ ቦታው ጥሩ ነው፣ ከላይ ሆኖ ሰፈሩ ሁሉ ይታያል። እባክሽ ምግብ ብዪ። የምታስታምሚው አሮጌ ሰውዬ ሲተኛ አንቺም ትንሽ ጋደም በይ። ድንግል ማርያም በሰው አገር ትጠብቅሽ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽን ጨርሳ በሰላም ታምጣልሽ። ስትመጪ መንገዱን ማንንም አትጠይቂ፤ ከታች እጽፍልሻለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ
ዊልመር ኛውፓሪ

ሳን ሁዋን ዴ ሉሪጋንቾ፣ ካንቶ ግራንዴ፣
ከውኃ ታንከሩ በላይ፣ ቢጫው ደረጃ የሚያልቅበት፣
ብሎክ ኤፍ፣ ቁጥር 9