ድንጋዩን አልሸከምም

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለያየህ፤

እንደምን ከርመሃል? የጅጅጋው ሙቀትና አቧራ እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያሠቃይህ ጨጓራህስ ተወት አደረገህ? ባለቤትህ ምሥራቅ ደኅና ናት? ልጃችሁ ይታገስ ድክ ድክ ማለት ጀመረ? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። ሞጣ ዝናቡ ጠንክሯል፣ ትምህርት ቤቱም ሊዘጋ ነው። ልቤን ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽህም።

በስልክ ያልከውን አጎታችን አያ ወልደ ኪዳን ነግረውኛል። «ሽማግሌዎቹ ያሉትን ታድርግና ነገሩ ይለቅላት» አልክ አሉ። ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ አባባ እግር ላይ ወድቄ፣ ይቅርታ ልለምን? አንተም እንደነሱ አባባን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ ብለህ ታምናለህ? ከሌላ ሰው ቢሆን አይከፋኝም ነበር።

ሩቅ ስለሆንክ ያላየኸውን ልንገርህ። አምና ሰኔ፣ በሚካኤል ዕለት፣ አባባ በሬ ጠምደው እርሻ ወረዱ። በዓል ሽረው የማያውቁ ሰው! ጎረቤቱ ጉድ አለ። ቀጥሎ ከቢቸና ገበያ ሲመለሱ የቤታቸው መንገድ ጠፋባቸው። ኋላም እምዬን «አንቺ የማን ሚስት ነሽ?» ብለው ጠየቋት። ያን ጊዜ አገሩ ሰበቡን አገኘ። አባባ ለወዳጃቸው ለየኔሰው ልጅ ሊድሩኝ ቃል ከገቡ በኋላ እንቢ ማለቴን አንስተው፣ «ልጅቱ ቃሉን ሰብራበት ነው ራሱን የጣለው» አሉ። አያ ወልደ ኪዳንም «ፊደል የቆጠረችው አባቷን አሳበደች» እያሉ በየጠላ ቤቱ አወሩ። ሽማግሌዎቹም ድንጋይ ሳልሸከም የአባቴን ደጅ እንዳልረግጥ ቆረጡ።

ከዚያ በፊት ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አሉኝ። ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ላንተም ልጻፍልህ። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። እንደ ክር ረጅም ሆነው ተሠርተው፣ በልካቸው ሲታጠፉ ብቻ ነው ለሥራ የሚበቁት። ትኩሳት ወይም ሌላ ጭንቅ ሲመጣ ይፈታሉ፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ። እንቁላል ሲቀቀል የሚረጋው በዚህ ነው። ሕዋስ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። አደጋው ሲሰማው የዘወትር ሥራውን ቀንሶ ረዳት ፕሮቲኖችን በብዛት ይሠራል። እነሱም የተፈታውን ይዘው መልሰው ያጥፉታል፣ የማይቃናውን እንዲፈርስ አሳልፈው ይሰጣሉ። እንዲያውም ቀለል ያለ ጭንቅ ያለፈበት ሕዋስ ለሚቀጥለው ይበረታል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ይህ ጥበቃ ይደክማል፣ የተጣበቀውም ይከማቻል። በአንጎል ውስጥ ሲሆን ሰው መጀመሪያ ትናንትን፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ ልጁን ያጣል። ለምን በአባባ ላይ እንደ መጣ ሐኪሙም አያውቁም።

የልጅ እንቢታ ይህን ያመጣል የሚል ቃል ባሉኝ መጻሕፍት ሁሉ ፈልጌአለሁ። እናንተ ሳትከሱኝ በፊት ራሴን ከስሼ ነበር። አላገኘሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ቢቸና ሄጄ ባዶ ትከሻዬን ይዤ ደጃችን ቆምኩ። እምዬ ከውስጥ ሆና «ልጄ፣ ለኔ ስትዪ፣ ትንሽም ድንጋይ ይበቃል» እያለች አለቀሰች። አያ ወልደ ኪዳን በሩን ይዘው «ድንጋይሽስ? ሞጣ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። «ድንጋዩስ ይገኛል፤ ከትከሻዬ የሚያወርድልኝ ማነው? የተበደሉት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው። ይህን ስንባባል አባባ ወጡ። ትክ ብለው አዩኝና «በዛብሽ! እህቴን ደጅ ያቆማት ማነው?» ብለው ተቆጡ። ልጆች ሳለን የሞተችው አክስታችን መሰልኳቸው። እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ ማንም ደፍሮ አልከለከለም።

አጠገባቸው አስቀምጠውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ሞጣ የምታስተምር ልጅ አለችኝ። ለማትወደው ልድርሽ ብያት እንቢ አለችኝ። ደግ አደረገች። የበደልኳት እኔ ነኝ። ስታገኚያት ይቅር በዪው በዪልኝ።» እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ፣ ያየህ። «እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩ። አያ ወልደ ኪዳንም ሰሙ። ሰምተው ግን «የታመመ ሰው ቃል አይያዝም» አሉ።

ስለዚህ ድንጋዩን አልሸከምም። በየቅዳሜው እሄዳለሁ፤ በገዛ ስሜ፣ በወይንእሸት፣ ካላስገቡኝ በሞተች ሴት ስም እገባለሁ። አንተ የበኩር ልጅ ነህና ለሽማግሌዎቹ ቃልህን ላክ። ካልላክህም ከአባቴ አጠገብ የሚያስነሳኝ የለም።

እምዬ ዓይኔ ሳይጠፋ ልየው ብላሃለች። እንዳለው፣ ታናሽ ወንድማችን፣ ክፍሉን አለፈ፤ እጅ ነሥቷል። ምሥራቅን ሳምልኝ፣ ይታገስን ጉንጩን ነክሰህ ሳምልኝ። አባባ ሰላምታ አልላኩልህም። ስምህን ባነሳላቸው «የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። ድምፅህን ሲሰሙ ያውቁህ ይሆናልና፣ ሳይመሽብን ና።

እህትህ ወይንእሸት
ሞጣ፣ ሰኔ 23 ቀን 1993 ዓ.ም.