የሕክምና ደብተሬ ላይ የተጻፈችው ቃል እንድትሰረዝልኝ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል? ሆድዎ ደህና፣ ወገብዎ ደህና፣ የበሉት የሚስማማዎ፣ የተኙበት ጎን የማይቆረቁርዎ ይሁን። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ እርስዎ ከታመሙ የሚታከሙት እዚሁ እርስዎ ዘንድ ይሆናልና፣ ያንን ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ዕድሜዬን በአናጢነት የጨረስኩ ሽማግሌ ነኝ። ይህን እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ማመልከቻ ጸሐፊዋ ናት። «አባባ፣ ይቺ ቃል ከበደች፣ እናለዝባት» ስትለኝ እንደ ወረደ ጻፊው ብያታለሁ፤ ጥፋት ካለ የእኔ ነው።

ቆሽቴ ከታመመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። «ቆሽቴ አረረ» የሚባለው ለንዴት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እውነትም ያርራል። ሕመሙ ሲነሳ ከእምብርቴ በላይ ገብቶ በጀርባዬ እንደሚወጣ መሰርሰሪያ ነው፤ ጉልበቴን አቅፌ ከመቀመጥ በቀር መላ የለኝም። ቅባት ተከለከልኩ፣ ምግብ እንዲፈጭልኝም ከእህል ጋር እንክብል እውጣለሁ። ያው ቆሽት ቆይቶ ስኳር አመጣብኝ። የመጀመሪያዋ ሐኪም፣ ፈጣሪ ይስጣት፣ ከቆሽት የመጣ ስኳር ከፍ እንደሚል ሁሉ ድንገት እንደሚወርድ፣ ሲወርድም እንደሚያንቀጠቅጥ፣ እንደሚያንገዳግድ፣ ምላስ እንደሚያስር አስቀምጣ አስረዳችኝ። መጠጥ እጠጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ቀምሼው እንደማላውቅ ነገርኳት፤ አመነችኝ። እሷን ወዲያው አዛወራችኋት። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ለደም ምርመራ ሳልበላ እንድመጣ ስላዘዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ሳልበላ መጣሁ። ኢንሱሊኑን ተው ያለኝ ስላልነበረ ግን እንደ ልማዴ ተወግቼ ነው። ተራዬ እስከ ቀትር አልደረሰም። የተቀመጥኩበትን አግዳሚ ወንበር የዛሬ ሃያ ዓመት የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ሰው ይህን ያህል እንደሚቆይበት ቢነገረኝ ኖሮ መደገፊያ አበጅለት ነበር።

ሁለተኛ፤ ስኳሬ ወርዶ ስንገዳገድ የደገፈኝን የበር ጥበቃ አመሰግናለሁ። የደገፈኝ ወደ ውጭ ነው። «ሽማግሌው በጠራራ ፀሐይ ተጎንጭተዋል» አለ፣ ሰውም ሳቀ። ምላሴ ታስሮ አልጠጣሁም ማለት አልቻልኩም፤ ብችልም የጠጣ ሁሉ የሚለው ያንኑ ነው። አንዲት አስታማሚ ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ አፌ ውስጥ ከታ ነፍሴን መለሰቻት። እሷ የእናንተ ሠራተኛ ስላልሆነች ምስጋናዋ እዚህ አይገባም።

ሦስተኛ፤ ተመልሼ ስገባ ተረኛው ሐኪም ከእኔ ይልቅ ጥበቃውን ጠይቆ ደብተሬ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ደብተር በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እንዳይታጠፍ በደረት ኪሴ ይዤ በኩራት ተመላለስኩ። የገለጠው ሐኪም ሁሉ ለምን ፊቱ እንደሚለወጥ አልገባኝም። ማስታገሻ ስለምናቸው «መጀመሪያ እሱን ይተዉ» ይሉኛል። እኔ ቅባቱን መስሎኝ «ከተውኩት ዘጠኝ ዓመቴ፣ ልጄ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ሠርግ ቤት ያታልለኛል» እላለሁ። እነሱም ይኸው አመነ ብለው ይጽፋሉ። በገዛ አፌ፣ በገዛ ኪሴ፣ የገዛ ክሴን ተሸክሜ ከረምኩ።

ባለፈው ወር ሕመሙ ሲብስብኝ፣ ማስታገሻ እንዲፈቀድልኝ ማመልከቻ ላስጽፍ ከባለቤቴ ጋር ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ደብተሩን ገልጣ መልሳ ከደነችው። አንብቢው አልኳት። «የመጠጥ ሱሰኛ፤ ጠንካራ ማስታገሻ አይሰጠው» ይላል አለችኝ።

አራተኛ፤ መዝገብ ቤታችሁን ስለ ጥንቃቄው አመሰግናለሁ። ቃሏን የጻፋት ሐኪም ካልሆነ ማንም አይሰርዛትም፣ እሱ ደግሞ ሥራ ለቋል ተባልኩ። በአውራ ጣቴ ፈርሜ ማመልከቻ ባስገባም አሻራው አይለይም ተብሎ ተመለሰልኝ። ጣቴን ጠዋትና ማታ ለስኳር የምወጋው በእናንተው ትእዛዝ ነው። እንጨት ላይ ስሳሳት በመላጊያ እልገው ነበር፤ ወረቀታችሁ ከእንጨት የጠነከረ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ክቡርነትዎ፣ ሕመሙን እንዲያነሱልኝ አልለምንም፤ እሱና እኔ አብረን እንቀበራለን። ያቺን ቃል ይሰርዙልኝ። ካልተቻለ ከሥሯ «እሱ ግን አልጠጣሁም ይላል» ተብሎ ይጻፍልኝ። ለእሱም ቦታ ከሌለ፣ እንግዲህ ምን እላለሁ።

ወንበራችሁን የሠራሁ፣ ወንበራችሁ ላይ የማረጅ፣
አሻራዬ የማይለይ አክባሪዎ
ሽማግሌው አናጢ

ሳልዘነጋው፦ ባለቤቴ አርባ አንድ ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድም ቀን አልጠረጠረችኝም። ደብተሩ ከተነበበ ወዲህም ምንም አላለችኝም። ብቻ ከውጭ ስገባ ጉንጬን ስማኝ ከበፊቱ ትንሽ ቆየት ትላለች። እያሸተተችኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዳላወቀ ሆኜ ጉንጬን እሰጣታለሁ። በስተእርጅናዬ ሚስቴ አዘውትራ እንድትስመኝ ስላደረጋችሁልኝ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ።