እሸቴ ያልደረሰበት የእንጦጦ ምሽት

እሸቴ፣ የእኔ ሰው፣

ደብዳቤ እንዴት ሰነበትክ ተብሎ ነው የሚጀመረው። አንተን ምን ብዬ ልጀምርህ? ከደብሩ ጀርባ፣ ከዚያ ከዘመመው ወይራ ሥር ካስተኛንህ ዓመት ሊሞላህ ጥቂት ቀርቶሃል። ያኔ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ አሁንም ሊወጣ ሲል ነው። መቃብርህን ሣር ውጦት ይሆናል። የየኔታ በቅሎ እየመጣች ትግጠው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ብትግጠውም ግድ የለህም፤ ከሰው ይልቅ እሷን ትወድ ነበር።

ወሬ ሳትሰማ ማደር አይሆንልህምና ወሬውን ላስቀድም። የኔታ አስመሰከሩኝ። በጉባኤው ፊት ቅኔዬን ተቀኝቼ ስጨርስ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንግዲህ አንተም መምህር ነህ፤ ሂድና ወንበር ዘርጋ» አሉኝ። ጓደኞቻችን እልል አሉ። እኔ ወደ ግራዬ ዞሬ አንተን ፈለግሁ። ከግራዬ የተቀመጠው አንድ የዋድላ ልጅ ነበር፤ ጎጆህንም የያዘው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሲያንኮራፋ አድሮ ጠዋት «እንቅልፍ አጣሁ» የሚል ዓይነት ነው፤ ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር። ይኸው፣ ትሞት ነበር እላለሁ። አፌ ገና አልለመደም።

ደበሎህንና አኮፋዳህን እኔ ወሰድኩ። ማንም አልጠየቀኝም። የሞተ ተማሪ ዕቃ ለተማሪ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ እንዴት ለአንተ ሆነ ያለኝ የለም። አኮፋዳው ታችኛው ጎኑ ተቀዷል፤ አልሰፋሁትም። እንጀራ እንዳይወድቅ በጣትህ ደግፈህ የምትይዝበት ቦታ ነው፤ እኔም በጣቴ ደግፌ እይዘዋለሁ።

ልመናችንን ታስታውሳለህ። ሌላው ተማሪ ሁሉ ጥሪውን ብቻውን ነው የሚለው። እኛ ግን ተካፍለነው ነበር። አንተ በዚያ በወፍራም ድምፅህ «በእንተ ስማ» ትላለህ፤ እኔ ተቀብዬ «ለማርያም» እላለሁ። የመንደሩ ሴቶች እንኳ ለይተው ያውቁን ነበር፤ «ሁለቱ መጡ» ይሉ ነበር። ቅኔ ቤት ስንገናኝ ሁለታችንም ጢማችን ወጥቶ፣ ከአገራችን ሚስት አግቡ ተብለን አምልጠን የመጣን ሰዎች ነበርን። ያመለጥነው ለምን እንደሆነ አንዳችን ለሌላው ለመናገር ሁለት ክረምት ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ሚስቱን እንደሚወድ ወደድኩህ፤ አንተም እንደዚያው ወደድከኝ። ይህን በድምፅ ብዬው አላውቅም። በቀለም ስጽፈው ያንሳል ወይስ ይበዛል፣ እንጃ።

አርባህ ሲወጣ ቤተ ሰቦችህ ተዝካርህን ደገሱ። እናትህ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ወንድሞችህ አጠገባቸው ሆነው ከዳሱ ራስ ተቀመጡ። እኛ ተማሪዎች እንደ ወጋችን ከታች፣ ከበሩ ዳር ተኮልኩለን ተቀመጥን። የሰው ተዝካር ሲሰማ እንዴት ደስ ይለን እንደነበር ታውቃለህ፤ ሆዳችን የሚጠግበው ያን ቀን ነበር። አስተናጋጁ እንጀራውን ሲያኖርልኝ «ብላ እንጂ ተማሪ! በልተህ ነው ነፍስ ይማር የምትለው» አለኝ። በላሁ። ሚስትህ ብሆን ፀጉሬን እላጭ ነበር። ወንድምህ ብሆን ከእናትህ ጎን እቀመጥ ነበር። እኔ የነበርኩትን የሆነ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ግን በዚያ ዳስ ውስጥ አልነበረም። ያንተን ተዝካር እንደ ማንም ተማሪ በልቼ ተነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው ልመና ያቃተኝ። ደጅ ላይ ቆሜ «በእንተ ስማ» ለማለት አፌን እከፍታለሁ፤ ያ ያንተ ነውና አይወጣም። ጥቂት እጠብቅና «ለማርያም» ብቻ እላለሁ። ውሾቹ እንኳ ግራ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ወጣሁ። ያ ከንጉሡ ከተማ የመጣው ጨው ነጋዴ የነገረንን አልረሳሁም። እሱ የነገረን ትንሽ ነበር፤ አንተ ነህ ያሳደግከው። በተራራው ላይ ማታ ማታ እሳቱ ከኮከቡ ይበልጣል፤ በየቤቱ ማሲንቆ አለ፤ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው ስለሆነ የማን ልጅ ነህ፣ መቼ ታገባለህ ብሎ የሚያፋጥጥህ የለም እያልክ ትነግረኝ ነበር። አንተ ብራና ልትፍቅ፣ እኔ ልጽፍበት፣ አንድ ጎጆ ልንቀልስ ነበር። እኔ ብርድ አለ ይባላል ስልህ «ደበሎ አለን አይደል?» ትለኝ ነበር።

ዓባይን በበጋ ተሻግሬ፣ በሱሉልታ በኩል ወጥቼ፣ እንጦጦ የደረስኩት በጥምቀት ማታ ነው። እውነቱን ልንገርህ፤ ከተማ ይሉታል እንጂ ጦር የሰፈረበት ተራራ ነው። ድንኳን፣ ጎጆ፣ በቅሎ፣ የተቆረጠ የጥድ ጉቶ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። እሳቱ ግን አንተ እንዳልከው ነበር፣ እሸቴ! ከንጉሡ ግቢ ጀምሮ ወደ የካ እስከሚወርደው ቁልቁለት ድረስ ተራራው በሙሉ ይነድ ነበር። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰው ሰው አልተኛም፤ በዚህ ሆታ፣ በዚያ ከበሮ፣ አንዱ በኦሮምኛ ሲዘፍን ሌላው በትግርኛ ይመልስለታል፤ አንድ ፈረንጅ በመስተዋት ውስጥ የሚበራ መብራት ይዞ ሲያልፍ ሕዝቡ ይከተለዋል። ቆሜ አየሁ። እንዲህ ያለ ደስታ መሀል ብቻን መሆን ምን እንደሚመስል አልነገርከኝም። አታውቀውምና አልፈርድብህም።

ረሃብ ሲጠናብኝ ወደ የካ በሚወስደው መንገድ ማሲንቆ ከሚሰማበት አንድ ትልቅ ጎጆ ደጅ ቆምኩ። ጠላና ጠጅ የሚሸጥበት ቤት ነው፤ ሰው የሚገባው ጠጥቶ ለመጫወት ነው። እኔ ሞኙ ግን ለዓመታት የለመደ እግሬ ከደጁ ገትሮኝ፣ አኮፋዳዬን አንሥቼ፣ እንደ ልማዴ ጠብቄ ጠብቄ «ለማርያም!» አልኩ።

ባለቤቲቱ ወጣች። ጫልቱ ትባላለች፤ የዚሁ ተራራ ልጅ፣ በኦሮምኛ ተራግማ በአማርኛ የምትስቅ ሴት ናት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «ምኑ ነው ለማርያም? መጀመሪያው የት ሄደ?» አለችኝ።

«ጎጃም ቀረ» አልኳት።

ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እጄን ይዛ «ግባ አንተ ግማሽ ተማሪ! በዚህ ቤት ደጅ ቆሞ የሚለምን የለም፤ ሁሉም ገብቶ ነው የሚለምነው» አለችና ከእሳቱ ዳር አስቀመጠችኝ። እስከ ዛሬ ስሜ በሠፈሩ ግማሽ ተማሪ ነው።

አዝማሪው ቀጭን፣ ዓይኑ የማያርፍ የጎንደር ሰው ነበር። የቤቱ ወግ እንዲህ ነው፤ የፈለገ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። አንዱ ወታደር ለፈረሱ ሰጠ፤ አንዱ ለሰው ሚስት ሰጥቶ ባልየው ከኋላው ተቀምጦ ተገኘና ቤቱ ተገለበጠ። እኔ ዝም ብዬ ዋንጫዬን እጠጣለሁ። በኋላ ደበሎዬን ያየ አንዱ «ቅኔ ቤት የኖረ ሰው ዝም ይላል እንዴ? ስጥ እንጂ ተማሪ!» አለ። ሁሉም ተቀበለው፤ «ስጥ! ስጥ!»

እሸቴ፣ የኔታ ያስተማሩኝ ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ይህቺ ብቻ መጣች፦

ደበሎው ሰፋብኝ፣ ብርዱም እንቅልፍ ነሳኝ፤
እሱን ያለበሰው አፈር ቢያለብሰኝ።

ለፈረሱ የዘፈነው ወታደር «ኧረ ጃል! ጥምቀት ነው፤ ለቅሶ ቤት አደረግከው እኮ!» አለ። ሌላው ወታደር ቀጥሎ «ለጓደኛው እንዲህ የሆነ ሚስቱ ስትሞትማ ገደል መግባቱ ነው» ብሎ ቀለደ። ተነሥቼ ልወጣ ስል አዝማሪው ደጋኑን ወደ ደረቴ ዘረጋና «ቁጭ በል። ስሙን ስጠኝ። ስም የሌለው ሙት አልዘፍንም» አለኝ።

ከቀብርህ ወዲህ ስምህን በሰው ፊት የጠራሁት ያን ጊዜ ነው። «እሸቴ» አልኩ። እሱም ተቀብሎ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ልትመጣበት በነበረው ከተማ፣ አይተህ በማታውቃቸው ሰዎች መሀል «እሸቴ፣ እሸቴዋ» እያለ ደጋገመህ። ደረስክ ማለት ነው። ዘግይተህ፣ ያለ እግርህ፣ ግን ደረስክ። እኔም ዳሱ ውስጥ ያላለቀስኩትን ለቅሶ ጠላ ቤት ውስጥ አለቀስኩ። ሲቆይ ያ የቀለደብኝ ወታደር ጉሮሮውን ጠርጎ በመንገድ የቀበረውን የወንድሙን ስም ሰጠ። ጫልቱም የእህቷን ሰጠች። እየዞረ እየዞረ ሁሉም የየራሱን ሰጠ።

አንድ ነገር አልደብቅህም። ከጎኔ ሁንዴ የሚባል ድንኳን ተካይ ተቀምጦ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ትንሽ። ሰዉ ወደ ጨዋታው ሲመለስ «ወንድምህ ነበር?» አለኝ በቀስታ። «አይደለም፤ የእኔ ሰው ነበር» አልኩት። እሳቱን በእንጨት ቆስቆስ አደረገና «እኔም ነበረኝ» አለኝ። የጋቢውን ጫፍ አንሥቶ በትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፣ ያን ያህል ነው። በዓለም ላይ ሁለት ብቻ የነበርን ይመስለኝ ነበር፣ እሸቴ። አይደለንም። በማግሥቱ ጦሩ ወደ ምሥራቅ ሲነሣ ሁንዴም ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። ደህና ሁን ለማለት እየሮጥኩ ብደርስ ሠፈሩ አመድ ብቻ ነበር። ቢመለስ ደስ ይለኛል። አንተ ብትሆን ከእኔ ቀድመህ ታናግረው ነበር።

አሁን በአዲሱ ደብር ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ድርጎዬ እህል ነው። ከየካ በላይ፣ ጥዱ ገና ካልተቆረጠበት ጥግ ላይ ትንሽ ጎጆ ቀልሻለሁ፤ ለሁለት ሰው የምትበቃ አድርጌ ነው የሠራኋት፣ ልኬቱ ከእጄ አልወጣ ብሎ። ክረምቱ እዚህ ሌላ ነው። ጉም ከደጅ ይገባና ይቀመጣል። ማታ ማታ ከታች የከተማው ዘፈን ይሰማኛል፤ አንዳንዴ እወርዳለሁ፣ አንዳንዴ ደበሎህን ተከናንቤ ከዚሁ እሰማለሁ። ከሰው መሀል መሆን ብቸኝነትን አይነቅልም፤ ግን እንዲያወራ ያደርገዋል። የኔታ ከመስቀል በኋላ ተመልሰህ ረዳቴ ሁን ብለው ልከውብኝ ነበር። አልመለስም። እዚያ ብመለስ አንተ የሞተ ተማሪ፣ እኔም ጎረቤትህ የነበርኩ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ስምህን ያውቁታል።

ሙት ዓመትህን እኔ ልደግስ ነው። እህሌን ሰብስቤ ለጫልቱ ሰጥቻት ጠላው ተጠምቋል። ከተራራው ሥር ያሉትን ተማሪዎች ሁሉ ጠርቻለሁ። ፍትሐት ሊያደርሱ የጠየቅኋቸው ቄስ የክርስትና ስምህን ከተቀበሉ በኋላ «ባለ ተዝካሩ ማን ነው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ።» «ምንህ ነው?» አሉኝ። ወንድሜ ነው ብል ነገሩ ባለቀ ነበር። «የእኔ ሰው ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ መስቀላቸውን አሳለሙኝና «እንግዲያው ከዳሱ ራስ ተቀመጥ» አሉ። የገባቸው መሰለኝ፤ ባይገባቸውም ቦታውን ሰጡኝ።

እቀመጣለሁ። ፀጉሬን ዛሬ ጠዋት ተላጭቻለሁ፤ ራሴን በርዶታል።

የማስብህ እንዲህ ነው እንግዲህ። ስምህን ለአዝማሪ እየሰጠሁ፣ የተቀደደውን አኮፋዳህን ሳልሰፋ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ዳስ እየጣልኩ። ድግሱን የሰሙ ሁለት ተማሪዎች ትናንት ቀኑን ተሳስተው መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። አንደኛው ገና አዲስ ነው፤ ጥሪው አፉ ላይ ተሰብሮበት ዝም አለ፤ ጓደኛውም ውሻ በበትር እየተከላከለ አልሰማውም። እኔ ከውስጥ ሆኜ ስጠብቅ ስጠብቅ ቆየሁና፣ ሳላስበው፣ በወፍራሙ፣ በዚያ በአንተ ድምፅ፣ «በእንተ ስማ» አልኩ።

ከውጭ ተቀበሉኝ። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላቸው።

ያንተው፣ ግማሹ