ድሮም ንጹሕ የነበረውን አፈር ስላጸዱልን

ለከተማችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ወንበርዎና በቅርቡ የተቀየረው የቢሮዎ ምንጣፍ እንደምን እንደሰነበቱ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ከአሮጌው የነዳጅ ማከማቻ አጥር ሥር የምኖር ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ሥራ በማይበዛብዎት ሰዓት ደግሞ ታላቅ እህትዎ ነኝ። ይህንኑ ጉዳይ ባለፈው እሑድ እናታችን ቤት ምሳ ላይ ሳነሳብዎት «የቢሮ ጉዳይ በቢሮ በኩል ይምጣ» ብለው ስላረሙኝ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ በጽሑፍና በአደባባይ መጥቻለሁ። እርማትዎን ስላልረሳሁ «አንተ» ከማለትም ተቆጥቤያለሁ።

ደብዳቤው ለአደባባይ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ማከማቻው ይሠራ በነበረባቸው ዓመታት ከቧንቧውና ከቦቴው የፈሰሰው ናፍጣ ግቢውን አጥቁሮታል፤ አረም እንኳ እንደ ልቡ አይበቅልበትም፣ ዝናብ በጣለ ቁጥርም ሽታው የሰፋሁት ልብስ ውስጥ እየገባ ደንበኞቼን ያሸሽብኛል። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን አፈር በሣር ሊያጸዳ ሲነሣ፣ አጥሩ ሥር ሰብስባ ያስረዳችን የራስዎ የአፈር ባለሙያ ነበረች። የሣሩ ሥር አፈሩን እየከፈተ አየር ያስገባል፣ በሥሩ ዙሪያ የሚባዙ በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን ደግሞ ናፍጣውን ቀስ እያሉ ይበሉታል አለችን፤ ነገሩ ዓመታት እንደሚፈጅም አልደበቀችንም። «ቢጫ ሆኖ፣ ቀጭጮ ብታዩት አትደንግጡ፤ ሥራ ላይ ነው» ስትል ሁላችንም አጨበጨብን። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። የምረቃውን ሪባን የሰፋሁትም እኔ ነኝ፤ እርስዎ ሲቆርጡት ጎረቤቱን ሁሉ በክርኔ እየጎሸምኩ «ወንድሜ ነው» እል ነበር። አሁን ያ ክርኔ ያሳፍረኛል።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረቤ ለአሠራርዎ እንዲመች በማሰብ ነው።

አንደኛ፣ በቢጫው ሣር ስላፈሩበት አመሰግናለሁ። ከበላይ አካል ጎብኚዎች እንደሚመጡ በተነገረዎት ሳምንት ግቢውን ዞር ዞር ብለው አይተው «ይሄ ሣር ሊያዋርደን ነው» አሉ። ሣሩ ግን ባለሙያዋ እንዳለችው ሥራ ላይ ነበር። በእርስዎ ትእዛዝ ጥቁሩ አፈር ሣሩ ከተተከለባቸው መደቦች ተዝቆ ወጣ፣ በቦታው መልካም አፈር ገባ፣ አዲስ ሣርም ተተከለበት፤ ብዙ ሳይቆይ ከስፌት መኪናዬ ሆኜ ሳየው ዐይን የሚሞላ አረንጓዴ ሆነ። ንጹሕ አፈር ላይ ቆሞ ናፍጣ የሚያጸዳ ሣር፣ ሥራው ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዝ መልሶ እንደ ማጠብ ነውና፣ ሣሩ እስካሁን አለመድከሙ አይደንቅም።

ሁለተኛ፣ ያንን መልካም አፈር ለማምጣት ከሰው ሁሉ መርጠው እኔን ስለላኩኝ አመሰግናለሁ። አፈሩ የእማማ ካሮት ነው። እርስዎ ረስተዋቸው ከሆነ ለአንባቢ ስል ላስተዋውቃቸው፦ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ያለችውን የአትክልት ቦታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍግና የበሰበሰ ቅጠል ሲያበሉ የኖሩ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በካሮታቸው ስም የሚጠራቸው፣ እርስዎ ከትምህርት ቤት ሲመለሱም ካሮት ነቅለው፣ በቀሚሳቸው ጠርገው በእጅዎ የሚያስጨብጡዎት ሴት ናቸው። ለጽሕፈት ቤቱ ሰዎች እንቢ ብለው ነበር። እርስዎ ግን «አንቺን እሺ ይሉሻል፤ የተሻለ አፈር ይተካላቸዋል» ብለው ላኩኝ፤ እኔም አምኜ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ የተባልኩትን አልኳቸው። ማኅተም አልጠየቁ፣ ማረጋገጫ አልጠየቁ። «አንቺ ካልሽማ ምን እላለሁ ልጄ፣ ይውሰዱት» አሉኝ።

ሦስተኛ፣ የጭነት መኪናው ባዶውን እንዳይመለስ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ሽቅብ የእማማ ካሮትን አፈር እየጫነ፣ ቁልቁል የናፍጣውን አፈር እየያዘ ሲመላለስ በመስኮቴ አይቼዋለሁ። «የተሻለ አፈር» የተባለው ይኸው ነበር። ወጥቼ ሾፌሩን ብጠይቀው «ታዝዤ ነው እህቴ» ብሎ መስታወቱን ዘጋው። እማማ ካሮት በበኩላቸው ሽታው ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ሠራተኞችዎ የአፈር መድኃኒት ነው ብለዋቸዋል። መንግሥት መድኃኒት አስገባልኝ ብለው ለሦስት ቀን ሲመርቁዎት ሰነበቱ።

አራተኛ፣ ለሳይንስ ላደረጉት አስተዋጽኦ። ጎብኚዎቹ በተገኙበት ከመደቦቹ ላይ አፈር ተወስዶ ሲመረመር ናፍጣ የለበትም ተባለ፤ እርስዎም በቴሌቪዥን ቀርበው ተክል ናፍጣን በአጭር ጊዜ እንዳሸነፈ አበሠሩን። የአንዲት አሮጊት ጓሮ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ግን እኛን ጎረቤቶቻቸውን አላስገረመንም። «ይህ እኔ የተከልኩበት አፈር አይደለም» ያለችው ባለሙያም፣ ከአፈር ጋር ዳግመኛ እንዳትጣላ በማሰብ ይመስለኛል፣ ወደ መዝገብ ቤት መዛወሯን ሰምተናል።

አምስተኛው ምስጋና ሳይሆን አቤቱታ ነው፤ ቁጥሩን የሰጠሁት ለወጉ ያህል ነው። ክቡር ሆይ፣ አፍሬያለሁ። ባለሱቁ «የኃላፊው እህት» ብሎ ወንበር ሲስብልኝ ወንበሩ ያቃጥለኛል። ወደ ጉድጓዱ ውኃ ልቀዳ ስወርድ በእማማ ካሮት ደጅ ማለፍ አቅቶኝ በዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እግሬን ያመመኝ መስሏቸው የሚቀባ ነገር ልከውልኛል። ሐፍረቱ በአብዛኛው የእርስዎ ድርሻ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎት፣ ድሮ የትምህርት ቤት ቦርሳዎን እንደምሸከምልዎት አሁንም እኔው ተሸክሜዋለሁ። ቦርሳው ይቀልል ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። የእማማ ካሮት ጓሮ ከጉድጓዱ በላይ ነው፤ ክረምቱ ከገባ ጎርፉ ያንን ናፍጣ ጠርጎ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው ውኃ ውስጥ ይከተዋል። ዝናቡ ሳይጥል ጥቁሩ አፈር ወደ ማከማቻው ይመለስ፣ የእሳቸውም ለእሳቸው ይመለስ። ባለሙያዋ ከመዝገብ ቤት ትውጣ፤ ሣሩም ቢጫ ሆኖ፣ ቀጭጮ፣ አስቀያሚ ሆኖ ሥራውን ይሥራ። ጎብኚ እንዳያየው ካሳሰብዎት፣ አጥሩን ዙሪያውን የሚሸፍን መጋረጃ በነጻ እሰፋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ከሪባን መቁረጫው ላይ ስለወሰድኩብዎት ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ምንጣፍዎ ጭቃ እንዳይነካው፣ አረንጓዴዎ እንዳይደርቅ የምመኝ፣ በሹመትዎ ቀን ሱሪዎን አሳጥራ የተኮሰች፣ ለክቡርነትዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ

ታዛዥዎ፣ የአጥር ሥሯ ልብስ ሰፊ

ከፊርማው በኋላ ትዝ ያለኝ፦ እማማ ካሮት በቴሌቪዥን ስላዩዎት ደስ ብሏቸው፣ ከአዲሱ አፈር የመጀመሪያውን ካሮት ነቅለው «ለዚያ ልጅ አድርሺልኝ» ብለው ልከውልኛል። ቀጫጫና ጠማማ ነው። አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ለቢሮዎ ዘበኛ ትቼልዎታለሁ፤ አፈሩ መድኃኒት ያለበት ነው ተብሏልና ያለ ስጋት ከልጆችዎ ጋር ይብሉት። ካልበሉት ግን ለምን እንዳልበሉት መጥተው ይንገሯቸው፤ እኔ ልነግራቸው ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ ሦስቴ ተመልሻለሁ። ይህ ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት በሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። እሳቸው ዐይናቸው ስለደከመ፣ የተለጠፈ ነገር ሁሉ የማነብላቸው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ወንድሜ፣ እባክህ ቀድመኸኝ ና።