ስንጥቁ ውስጥ ያነሳሁልዎ ፎቶ

ውድ እማማ፣

ይህን ፖስታ ብቻዎን እንዳይከፍቱት አደራ። የሚያመጣልዎ ትንሹ ልጅዎ ነው፤ አጠገብዎ ይቀመጥና መጀመሪያ ደብዳቤውን ያንብብልዎ። ሹፌር ስለሆነ ሲያነብም እንደሚነዳው ይከንፋል፤ «ቀስ በል፣ መንገዱ ጠማማ ነው» ይበሉት። ፎቶዎቹን ከዚያ በኋላ ያዩዋቸዋል።

የደወሉልኝ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የአንዱን ደንበኛ ጉርድ ፎቶ እየቆረጥኩ ነበር። ሰላምታውን እንኳን ሳንጨርስ «ልጄን የበላውን ጉድጓድ አሳዪኝ» አሉኝ። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ እንጂ በእግሬ እሄድ ነበር። አንቺ የሰውን ሁሉ ፊት ታነሺ የለ? እሱንም አንሺልኝ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ ጨለማ ነው፤ እውነተኛው ከዚያ አይብስም።» መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። ሳላስበው «እሺ» አልኩ።

ትንሹ ልጅዎ ይህን ሲሰማ መጥቶ ተቆጣኝ።

«የዳነ ቁስል ይነካካል እንዴ?»

«ማን ዳነ አለህ?» አልኩት።

የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየና «እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም፤ በሩ ድረስ ግን አደርስሻለሁ» አለኝ።

እማማ፣ ባለቤቴ አገር ሊያዩ የመጡ እንግዶችን እየመራ ወደዚያ ሲገባና ሲወጣ በኖረበት ዘመን ሁሉ እኔ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። ሰዉ «ስንጥቁ» የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ተራራው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ መሃሉ ሰው በጎኑ እየተሳበ ብቻ የሚያልፍበት መንገድ ሆኗል። እኔን ደግሞ ጠባብ ቦታ ትንፋሼን ይቆርጠዋል። እሱ ይህን ያውቅ ነበር። «ሚስቴ የመሥሪያ ቤቴን በር ሳታይ ልታረጅ ነው» እያለ ይስቅብኛል፤ እኔም «ቢሮህን አስፋና ጥራኝ» እለዋለሁ።

ከቀብሩ በኋላ የተወራውን እርስዎም ሰምተዋል። ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ እንግዶቹ ሁሉ ወጥተው ነበር፤ እሱ ግን አንዱ የረሳውን ካሜራ ሊያመጣ ተመለሰ፣ ለዕቃ ብሎ ሞተ ተባለ። ወሬው እርስዎን እንዴት እንዳደረገዎ አላውቅም። እኔን ግን ያነሳሁትን ካሜራ መልሼ እንዳስቀምጥ ያደርገኝ ነበር፤ የምኖረው ደግሞ በካሜራ ነው።

ብርዱ የጠናበትን ወር የመረጥኩት ያኔ ዝናብ ስለሌለ ነው፤ ዝናብ ከሌለ ጎርፍም የለም። ይዞኝ የገባው የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሰበዝ» ይሉታል። በዚያ በጎርፉ ቀንም አብሮት ነበር። የስንጥቁ አፍ ላይ ስንደርስ እግሬ እንደ ችካል ተተከለ።

«ግቢ እንጂ» አለኝ። «እኔን ያሳለፈ ድንጋይ አንቺን አይከለክልም።»

«አንተማ በቁልፍ ቀዳዳ ታልፋለህ።»

«ለዚህ እኮ ነው የቀጠሩኝ» አለ። ሁለታችንም ሳቅን፤ በሳቁ መሃል ገባሁ።

የውስጡ ብርድ ሌላ ነው። ከድንጋዩ ነው የሚወጣው። መሬቱ ላይ የቀረው ውሃ ስስ በረዶ ለብሶ፣ ስንረግጠው እንደ መስታወት እየተሰበረ ጉልበታችን ድረስ ያሰጥመናል። ባትሪውን ብርድ እንዳይገድለው ብብቴ ሥር ይዤ፣ ቦርሳዬን አናቴ ላይ ተሸክሜ፣ ደረቴ አንዱን ግድግዳ ጀርባዬ ሌላውን እየነካ በጎኔ ተሳብኩ። አንድ ቦታ ላይ መሄድም መመለስም አቃተኝ። ሰበዝ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ፤ አልጎተተኝም።

«እስኪለቅሽ ቁሚ» አለኝ። «ማንም አያባርረንም።»

ቆምን። ትንፋሼ ቀስ እያለ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እንደ ትንሽ ክፍል ይሰፋል። ሰበዝ ባርኔጣውን አወለቀ። ቦታው ያ መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ቶሎ ጨርሼ ለመውጣት ብዬ መጀመሪያ በፍላሽ አነሳሁ። ግድግዳው ግራጫና ድፍን ሆኖ፣ እንደ መጥፎ የመታወቂያ ፎቶ ወጣ። ያንን ለእርስዎ ልልክ አልቻልኩም። ፍላሹን አጥፍቼ የካሜራውን ማቆሚያ ዘረጋሁ። ብርሃን ባነሰበት ቦታ የካሜራው ዓይን ረጅም ጊዜ ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ እኛም ትንፋሻችን መስታወቱን እንዳያደበዝዘው ፊታችንን አዙረን፣ ሳንንቀሳቀስ እንጠብቃለን። እንደዚያ ቆመን ሳለን ፀሐይ አናቱ ላይ ደረሰች።

ሰማዩ ከዚያ ታች ሲታይ አንድ ክር ነው። ብርሃኑ ግን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተመ ይወርዳል፤ ከላይ ወርቅ፣ መሃል ላይ ፍም፣ እግራችን ሥር ወይን ጠጅ ሆኖ። ማማሩ አናደደኝ፣ እማማ። ልጅዎን ወስዶ እንዴት ያምራል? ጓንቴን አውልቄ ግድግዳውን በጥፊ መታሁት። እጄ ደንዝዞ ስለነበር ሕመሙ እንኳን ዘግይቶ መጣ።

ሰበዝ ጓንቴን መልሶ አጠለቀልኝ። ያኔ ነው የጠየቅሁት።

«ካሜራ ሊያመጣ ነው የተመለሰው?»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም።»

«የትም አልተመለሰም» አለ። ከወገባችን ከፍ ብላ የወጣች የድንጋይ እርከን አሳየኝ። «እዚህ ነበር የቆመው። ገመዱ አንድ ነው። እኔ ላይ ሆኜ እጎትታለሁ፣ እሱ ታች ሆኖ ያስራል። ተራ በተራ አወጣናቸው። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴትዮ እጇ ዛለና ገመዱን መያዝ አቃታት፤ ትከሻው ላይ አቆማት። እሷን አውጥቼ ገመዱን መልሼ ጣልኩለት። ያዘውም። ውሃው ቀደመኝ።» መዳፉን ዘረጋልኝ፤ ገመዱ የበላው ጠባሳ ዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። «ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ሰው መጨረሻ መሆን አለበት። ያን ቀን ተራው የሱ ነበር።»

«ታዲያ ወሬውን ሲያወሩ ለምን ዝም አልክ?»

«ገመዱ በእኔ እጅ አልነበር? ለቅሶ ቤት ገብቼ አፌን ብከፍት፣ ራሴን ነጻ ላወጣ የመጣሁ ይመስላል።»

አቀፍኩት። በዚያ ጠባብ ቦታ ለመተቃቀፍ ብዙ መንቀሳቀስም አያስፈልግም።

ሰዓቱንም ጠየቅሁት። እኩለ ቀን ነበር፤ ሰማዩ ንጹሕ፣ ግድግዳው አሁን በፎቶው እንደሚያዩት ሁሉ ያበራ ነበር። ዝናቡ የዘነበው ከዚያ በማይታይ ሌላ ተራራ ላይ ነው። ልጅዎ ጨለማ ውስጥ አልነበረም።

ፎቶዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የመግቢያው ነው። ሁለተኛው እርከኑ፣ ብርሃኑ እንደወረደበት ነው። ሦስተኛውን ልላክ አልላክ ብዬ ብዙ አመነታሁ፤ ከራሳችን በጣም ከፍ ብሎ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል አንድ ሙሉ የዛፍ ግንድ ተሰክቷል። ውሃው አምጥቶ እዚያ የተወው ነው። የዚያን ውሃ ጉልበት ካዩ «ትንሽ ቢበረታ ኖሮ» የሚለው ሐሳብ ምናልባት ይለቅዎታል። ማየት ካልፈለጉ ልጅዎ ይያዘው።

ስወጣ ከንፈሬ በብርድ ታስሮ መናገር አቅቶኝ ነበር። ትንሹ ልጅዎ ኮቱን አለበሰኝ። መኪና ውስጥ የሰማሁትን ሁሉ ስነግረው ዳር ይዞ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። አሁን ይህን ሲያነብልዎ ድምፁ ከተሰበረ አያስቁሙት፤ ያኔ የጀመረውን ልቅሶ ነው የሚጨርሰው።

አሁን ደግሞ የራሴን ልለምን። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ልመጣ ተነስቼ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ። ልጅ አልወለድን፤ ያገናኘን ሰው አፈር ገባ፤ በርዎ ላይ ምን ተብዬ እንደምቆም አላውቅም ነበር። ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ መምጣት ግን እፈልጋለሁ። ፎቶ አንሺ ሆኜ የእርስዎ አንድ ፎቶ የለኝም። ልጅዎ ግንባሩን ከማን እንደወሰደ ማየት አምሮኛል። ከፈቀዱልኝ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ አነሳዎታለሁ። ፎቶውን እምቢ ካሉም ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ትቼ አብሬዎ እቀመጣለሁ።

መልስ ልጻፍ ብለው አይድከሙ። ስልኬን አንዴ አስጩኸው ይዝጉት፤ ሻንጣዬን አነሳለሁ።

በምራትነት የተቀበሉኝ፣
ልጅዎ