ታንኳ ውስጥ ያደረው መጽሐፍ

ሐሙስ፣ ሰኔ 2 ቀን 1975

ደበቅኩት። ሐይቁ ዳር እንዲደርቁ ካቆሟቸው የደንገል ታንኳዎች በአንዱ ሸጎጥኩት። ለሰፈራችን የደረሰው የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መጽሐፍ አንድ ነው፤ እንደ ዕቁብ በተራ ከቤት ቤት ያድራል። ዛሬ ተራው የዘይነባ ነበር። ልትወስድ ስትመጣ ለመምህሩ መለስኩት አልኳት። አምናኝ ሄደች። ነገ ጠዋት ትንሽ አስለምኜ እሰጣታለሁ። ስትናደድ ታስቃለች።

እኔማ ስድስተኛን ከመደጋገሜ የተነሳ ፈተናው ራሱ «እንዴት ከረምክ» ሊለኝ ምንም አልቀረው።

ዓርብ

ታንኳው የለም። አባ ይመር ጎህ ሲቀድ ዓሣ ሊያጠምዱ ይዘውት ወጥተዋል። ዳር ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ሲመለሱ ከዓሣው በፊት መጽሐፉን አነሱ፤ ውሃው ይንጠባጠባል።

«ያንተ ሥራ ነው መሰል» አሉኝ። «ሌላ ሰው ለመደበቂያ በየብስ ቦታ አያጣም።»

ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ገጾቹ ተጣበቁ። ሳላቅቃቸው ተቀደዱ። ምንባቦቹ አለቁ፤ ከግሶቹ ግማሾቹ ተረፉ።

ቅዳሜ

ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አባቴ ያለውን ታውቃለህ» አለች። «ካለፍኩ ሰባተኛ፣ ከወደቅኩ ውጫሌ።»

አውቃለሁ። ውጫሌ ማለት ሽማግሌ የላከው የዚያ ከተማ ነጋዴ ነው። እናቷ ታመው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቀርታለች፤ ከማክሰኞው ፈተና የምትፈራውም እንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የደበቅኩት።

የማዶ ሰፈር ልጆችን መጽሐፋቸውን ለመንኩ። ገመድ እባብ ነው ብዬ ያስሮጥኳቸውን ቀን አስታውሰው በር ዘጉብኝ። ምን ይፈረድባቸዋል።

እሑድ

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ መምህሩን ለማናደድ ምንባቦቹን በአምባሰል ዜማ ስዘፍናቸው ነበር። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፣ ሁሉም በዜማ አፌ ላይ አለ።

እነ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። እናቷ ምስር እየለቀሙ ከመሃላችን ተቀመጡ። እኔ እዘፍናለሁ፣ እሷ ፍቺውን ትናገራለች። ችግሩ የገበሬው ምንባብ ላይ መጣ። አህያው በመጽሐፉ ወንዝ ነው የተሻገረው ወይስ ቀበሌ ስብሰባ ነው የሄደው? የመጽሐፉን ከእኔ ቀልድ መለየት አቃተኝ። እናቷ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታችና፣

«አንተ ቀልማዳ፣ ይሄ እኮ ዕድሜዬ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቀልድ አልጨመርኩም። ከመግሪብ በፊት ግሶቹን ጨረስን።

ማክሰኞ

ተፈተንን። ረመዳን ገብቷል፤ ዘይነባ ጾማ ነው የተፈተነችው። ከኋላዋ ነበርኩ። መሃል ላይ ቀስ ብላ ስታንጎራጉር ሰማሁ። ፈታኙ «ዝምታ» አሉ። ዜማው ቆመ፤ እርሳሷም አብሮ ቆመ። አንገቴን ደፋሁ።

ስንወጣ እንዴት ነበር አልኳት። ምንባቡ አዲስ ነው፣ ግሶቹ ግን አንዳንዶቹ መጥተዋል አለች። ብዙ ቃል አላወቀችም። መጽሐፉ ቢኖራት ታውቃቸው እንደሁ እሷም እኔም አናውቅም።

ጥቂት ሄድ ብላ ዞረች።

«ከወደቅኩ ሰርጌ ላይ የምትዘፍነው አንተ ነህ።»

ውጤቱ የሚመጣው ክረምቱ ገፋ ሲል ነው። ወደ ቤት ስመለስ ሳላስበው የገበሬውን ዜማ ጀመርኩና አቋረጥኩት።