ላልተሰበረው ፕሮፔለር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሲሞን
የሐይቆች ፈጣን ጀልባና ነፍስ አድን ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
የካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ሩብ ዓመት ሪፖርትዎ ሁልጊዜ ከዕቅድ በላይ እንዲሆን፣ ቤተሰብዎም በሰላም ወጥቶ በሰላም እንዲገባ ከልብ እየተመኘሁ ይህን ደብዳቤ በግልጽ እጽፍልዎታለሁ። በግልጽ መጻፌ ድፍረት ይዞኝ አይደለም። በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ ጸሐፊዎ ዘንድ በክብር ተቀምጠው ስለቀሩና የእርስዎም ስብሰባ የማያልቅ ስለሆነ፣ ምናልባት በስብሰባ መሀል ጋዜጣ ይገልጡ ይሆናል ብዬ ነው።

ጂቱ እባላለሁ። የካራ ነዋሪ፣ ኮተቤ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ የአማርኛ መምህርት ነኝ። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ የነፍስ አድን ጀልባዎ ነጂ የነበረው፣ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጦ ፍርድ የሚጠብቀው የሌንጮ ሚስት በመሆኔ ነው። ለተራው በወረደበት በዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባው መንገድ ላይ ቆሞ በዳዳ የተባለ ዓሣ አስጋሪ ሰጥሞ ከሞተ ወዲህ፣ ባለቤቴ በቸልተኝነቱ ሰው እንዲሞት አድርጓል፣ የመንግሥት ንብረትም ጥሎ ሄዷል ተብሎ ተከሷል። ሐሙስ ችሎት ይቀርባል። ከዚያ በፊት ላመሰግንዎ የሚገባኝ ነገሮች ስላሉ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፕሮፔለሩ ውበት አመሰግናለሁ። ፕሮፔለር ማለት፣ ለማያውቅ አንባቢ፣ ከሞተሩ ግርጌ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ብረት ነው። እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ራት ስንበላ የሰማሁትን ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ሌንጮ ራት ላይ ሌላ ወሬ ስለሌለው ብዙ ሰምቻለሁ። ከጀልባው ጋር የመጣው ፕሮፔለር የአሉሚኒየም፣ ደብዘዝ ያለ፣ ፎቶ ላይ የማያምር ነበር። እርስዎም ለጉብኝት ለሚመጡ እንግዶች እንዲህ ያለ ነገር ማሳየት ስላሳፈረዎ፣ ለእሽቅድምድም ጀልባ የሚሠራውን፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጨውን የማይዝግ ብረት አስመጡ። ጀልባ የሚነዳውን ሰው ብቻ ጠይቆ መወሰንም አድልዎ እንዳይሆንብዎ ተጠንቅቀው፣ ጉዳዩን ለአንድ ለአምስት ቡድኖች ሁሉ አቀረቡት። ሒሳብ ክፍል ተወያየበት፣ ጥበቃ ተወያየበት፣ ሕዝብ ግንኙነት ተወያየበት። በመጨረሻም ፕሮፔለሩ እጅ ተወጥቶለት በከፍተኛ ድምፅ አለፈ። እጁን ሳያወጣ የቀረው ሌንጮ ብቻ ስለነበር፣ የለውጥ ሠራዊቱ ላይ ሙሉ እምነት የሌለው ሰው መሆኑ ያን ቀን ታወቀ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሙከራው ሥነ ሥርዓት ምስጋናዬ ይድረስዎ። እንጦጦ ዳገት ላይ ባለው ግቢዎ ሐይቅ ባይኖርም የሲሚንቶ ገንዳ አስገንብተው፣ ሞተሩን እዚያ ውስጥ አስነሥተው ውሃውን በእንግዶቹ ሱፍ ላይ አስረጭተዋል። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ በእርግጥ ግማሾቹ እጃቸውን እያራገፉ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጭብጨባ መሀል ባለቤቴ ጠጋ ብሎ፣ ይህ ፕሮፔለር ክንፉ በጣም የተጠማዘዘ ስለሆነ በአንድ ዙር የሚገፋው ውሃ ከልክ በላይ ነው፤ አየሩ በሳሳበት በእኛ አገር ከፍታ ደግሞ የሞተሩ ጉልበት ራሱ ይቀንሳል፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ በአራተኛ ማርሽ የእንጦጦን ዳገት እንደማስወጣት ይሆናል፤ ጣጣውን የሚሸከሙት የሞተሩን ጉልበት ለፕሮፔለሩ የሚያቀብሉት፣ ከታች ያሉት የማርሽ ጥርሶች ናቸው ብሎ አስረዳዎ። እርስዎም የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ በቤታችን ይጠቀሳል፤ “አንተ ሰውዬ ሁሌ ችግሩ ብቻ ነው እንዴ የሚታይህ?” ነበር ያሉት። አዎ ክቡር ሆይ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ችግሩን እንዲያይ ነበር። ከእንግዶቹ ጉብኝት በኋላም የድሮው ይመለስልኝ ቢል፣ በድምፅ የተወሰነን ነገር መሻር የአመለካከት ችግር ነው ተባለ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፕሮፔለሩ ጥንካሬ። አሉሚኒየሙ ድንጋይ ወይም ጉቶ ቢመታው ይጣመማል፣ ወይም ይሰበራል። የሚሰበረውም እንደ ፊውዝ ነው፤ እሱ ተቃጥሎ ቤቱን ያድናል። ርካሹ ክንፍ ሲሰበር ውዱ የጥርስ ቤት ይተርፋል፤ ነጂውም መለዋወጫውን አስገብቶ ጉዞውን ይቀጥላል። የእርስዎ ፕሮፔለር ግን አይሰበርም። ያን ቀን ነፋስ ተነሥቶ የበዳዳ ጀልባ ሲገለበጥ፣ ሌንጮ ሞተሩን በሙሉ ጉልበት ለቀቀው። ውሃ ውስጥ የተደበቀ ጉቶ መታው። ፕሮፔለሩ ምንም አልሆነም። ለወራት ከአቅማቸው በላይ ሲሸከሙ የከረሙት ጥርሶች ግን እንደ ባቄላ ተከኩ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይንቀሳቀስም፤ በዳዳ ደግሞ እጁን ከፍ አድርጎ ከፊቱ ይታያል። ባለቤቴ ልብሱን እንደለበሰ ዘለለና ዋኘ፤ አልደረሰበትም። የመንግሥት ንብረት ጥሎ ሄደ የተባለው እንግዲህ ይህ ነው። ፕሮፔለሩ ዛሬ ጭረት እንኳ ሳይነካው በመሥሪያ ቤትዎ እንግዳ መቀበያ ክፍል በእንጨት ላይ ቆሟል፤ ባለፈው ጉዳይ ይዤ ስመጣ ፊቴን አይቼበታለሁ።

“በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ” የሚለውን አባባል አንዳንድ ጎረቤቶቼ ለእርስዎ ሊያውሉት ሲሞክሩ ተከላክዬልዎታለሁ። በሬው ገደል የገባው ራሱ ነው፤ ሌላ ልኮ አይደለም።

አራተኛ፣ ስለ ግምገማው። ጽሕፈት ቤትዎ ጥርሱ ለምን እንደተከካ ለማወቅ መካኒክ ከመጥራት ይልቅ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ ባለቤቴን ገመገመ። ግለ ሂስ አድርግ ተባለ። ፕሮፔለሩ ነው ሲል፣ ጥፋትን ወደ ውጭ መግፋት ነው ተባለ። ጥርሱን ፈታችሁ እዩት ሲል፣ መድረኩን መናቅ ነው ተባለ። ራስህን ፈትሽ፣ ከራስህ ጀምር እያሉ ሲያደክሙት፣ መቼም ሰው ነውና፣ ሲያቃዠው የከረመውን አወጣው፤ ጎበዝ ዋናተኛ ብሆን ኖሮ እደርስበት ነበር፣ በዚህ ራሴን እወቅሳለሁ አለ። አዳራሹ ጥሩ ግለ ሂስ ነው ብሎ አመሰገነው። ያ ቃል ነው ዛሬ ክሱ ላይ “ጥፋቱን በራሱ አንደበት አምኗል” የሚል ሆኖ የተቀመጠው። ክቡር ሆይ፣ አንድ ሰው ሌላውን ማዳን ባለመቻሉ ያለቀሰውን ልቅሶ ማስረጃ ማድረግ ለካስ ይቻላል። እጠላዎታለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ለተማሪዎቼ ግን የአክብሮት ደብዳቤ አጻጻፍ የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ ተውኩት።

እስካሁን፣ ባለቤቴ ያስረዳዎትን ሳይረዱ ቀሩ እያልኩ ሳማዎት ከርሜአለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከማንም በላይ ተረድተውታል። አንድ ከባድ ነገር መሥሪያ ቤቱን ሲመታ፣ ውዱ እንዲተርፍ ርካሹ መሰበር እንዳለበት ያውቃሉ። ርካሹ በካራ የሚኖር የጀልባ ነጂ ነው። እሱ ደግሞ መለዋወጫ የለውም፤ ቤቴ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የተከካው የጥርስ ቤት ከአሮጌ ጎማና ከተሰባበረ ወንበር ጋር በጨረታ ሊሸጥ መሆኑን ሰምቻለሁ። ፍርድ ቤቱ ሳያየው አይሽጡት። የትኛውም መካኒክ ከፍቶ ቢያየው፣ ከዚያ ቀን በፊት ሲበላ የከረመውን ጥርስና ያን ቀን የተሰበረውን ለይቶ ይናገራል። ጥርስ በግምገማ አያምንም፣ እጅም አያወጣም።

ይህን ሁሉ ለማንበብ ውድ ጊዜዎን በመሠዋትዎ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ የሚያጨበጭብልዎ እንዳይጎድል፣ ውሃ ላይ መውጣት ካለብዎም የሚዋኝ ሰው ከአጠገብዎ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የሌንጮ ባለቤት
ጂቱ፣ ከካራ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ በባለቤቴ ላይ እንድትመሰክር በመሥሪያ ቤትዎ መኪና ከዝዋይ ያስመጧት የበዳዳ ሚስት ወይዘሮ ዲንቄ፣ ከያዙላት አልጋ ብትጠፋብዎ እንዳያፈላልጓት፤ ሰው ጠይቃ እኔ ቤት መጥታለች። በኦሮምኛ ስናወራ አመሸን። ያን ቀን ዳር ላይ ቆማ ነበር። አንድ ሰው ከቆመው ጀልባ ዘሎ ወደ ባሏ ሲዋኝ፣ ውሃው እየመለሰው ደግሞ ሲዋኝ በዓይኗ አይታለች፤ የመጣችውም ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው። ስሙን ነገርኳት። ሐሙስ ለዳኛው ይህንኑ ትናገራለች፤ ምስክሯ የእርስዎ ናትና፣ ስላመጡልን እናመሰግናለን።